ዋልያስን ይዤ የሄድኩበት የቴፕ ጥገና ቤት

ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ካሴት ላላችሁ የባሕር ዳር ልጆች የምጠቁማችሁ ቤት አለ። ገበያው አካባቢ ነው። ስም የለውም። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ራዲዮና ቴፕ ይጠገናል፤ ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለበጣል» ይላል፤ በቃ። ውስጡ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚቆመው። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ፣ አራቱን ለምን ከልቤ እንደሰጠሁ እነግራችኋለሁ። ግን መጀመሪያ የወሰድኩት ካሴት ምን እንደነበር ማወቅ አለባችሁ።

እኔ የዋልያስ ባንድ አድናቂ ነኝ። የለየልኝ አድናቂ። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ከገባሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። አርብ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን አንድ ዘፈን እንመርጥና ሁላችንም እኩል እንከፍተዋለን። ከዚያ ስለ ከበሮው፣ ስለ ሳክስፎኑ፣ ስለ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ስለ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን እያወራን እናመሻለን። ዋሽንግተን ያለው አባላችን እዚያ ገና ቀን ስለሆነ በምሳ እረፍቱ ይገባል። ጎንደር ያለችው ልጇን አስተኝታ ነው የምትመጣው። አንድ ጊዜ የአንድን የትራምፔት ድምፅ መግቢያ ለማጣራት ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል፣ ማንም ደግሞ አልሰለቸውም። ይህ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለኔ ግን የሳምንቱን ድካም የምረሳበት ሰዓት ነው።

ለማያውቃችሁ፤ ዋልያሶች በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወቱ የነበሩ ናቸው። ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ አይወጣም፤ እነሱም እስኪነጋ ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የሚለውን የመሣሪያ ሙዚቃ በሸክላ አወጡ። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውቶበታል። ዛሬ በየአገሩ ባንዶች የሚጫወቱት «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄዱ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ፣ ገሚሱ ተመለሰ፣ ባንዱም በዚያው ተበተነ። ኃይሉ መርጊያ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣለት ይለማመድ ነበር።

እዚህ ጋ ነው የኛ ከተማ የምትገባው። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድ ጋር አድርጎ ለብቻው አንድ ካሴት ሠርቶ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ያገኘው የት ነው ብትሉ፣ ባሕር ዳር ነው። እዚሁ! ፈልጎ ኃይሉን አገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱን በድጋሚ አሳተመው፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ግሩፑ ውስጥ «የባሕር ዳሯ» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ሁልጊዜም «እስቲ በደንብ ፈልጊ፣ ሌላም አይጠፋም» ይሉኛል።

እኔም እፈልግ ነበር። የተገኘው ግን ሳልፈልግ ነው።

አጎቴ ሽምብጥ ሰፈር ነው የሚኖረው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ዕቃ ስናወጣ ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ወጣ። ውስጡ የድሮ ደብተር፣ የተሰበረ ሰዓት፣ ሁለት ካሴት። አንደኛው ሽፋን የለውም። በሰማያዊ ስክሪፕቶ፣ በአጎቴ የእጅ ጽሕፈት፣ «ዋልያስ» ይላል። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ሳለ፣ የሸክላ ማጫወቻ የነበረው አንድ ጓደኛቸው ቤት ተሰብስበው፣ ቴፑን ከስፒከሩ ፊት አስቀምጠው የቀዱት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ባንድ ሳወራ ሲሰማኝ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። «የናንተው ዘመን ነገር ነው ብዬ ነዋ፣ በስልክ የምትሰሙት» አለኝ።

ካሴቱ ግን ታሞ ነበር። በመስኮቷ ሲታይ የሪባኑ ጠርዝ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻጋታ ነው። ሐይቅ ዳር ያለ ቤት እርጥበቱ አይለቅም፤ ልብስ የሚያሻግተው ካሴትንም አይምርም። ሪባኑን ከሄዱ (ድምፁን ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ጋር አስጠግታ የምትይዘው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃለች። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተበጥሶ በኩቴክስ ተቀጥሏል። ያኔ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚቀጥለው፣ እናቴም ታስታውሳለች።

በስክሪፕቶ አጠንጥኜ ጎረቤት ባለ ቴፕ ልሞክረው ነበር። ፎቶውን ግሩፑ ላይ ስለጥፍ ግን መልሱ በአንድ ጊዜ ዘነበብኝ። «እንዳትነኪው!» «በእግዚአብሔር ቴፕ ውስጥ እንዳታስገቢው!» የሻገተ ሪባን ሄዱን ያቆሽሻል፤ ከተጣበቀ ደግሞ ሲጎተት ይበጠሳል። ቴፕ ካሴት ሲበላ ያየ ሰው ያውቀዋል። እሺ ብዬ ሰው ማፈላለግ ጀመርኩ። በባጃጅ ከፔዳ እስከ ዓባይ ማዶ ዞርኩ። ፍላሽ የሚሞላ ሞልቷል፤ ካሴት የሚያጫውት ግን የለም። በመጨረሻ አንድ የሬዲዮ መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ወደዚህ ቤት ላከኝ።

ባለሙያው ስልሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ካሴቱን ሳወጣላቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና በእጃቸው አልተቀበሉኝም። መጀመሪያ ጨርቅ አነጠፉ። «እዚህ ላይ አስቀምጪው ልጄ» አሉ። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው።

አምስቱን ብሎን ፈትተው ከፈቱት። ደጅ ወጥተው ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በለስላሳ ብሩሽ ሻጋታውን አራገፉ። የቀረውን አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ እያሉ ጠረጉት። ኩቴክስ ያለባትን ቦታ በምላጭ ሰያፍ አድርገው ቆረጡ፣ ሁለቱን ጫፍ አገጣጠሙ፣ ለዚሁ በተሠራች ቀጭን ነጭ ፕላስተር ለጠፏት፣ በጥፍራቸው ሁለት ጊዜ አሹት። «በተራው ፕላስተር ለምን አይሆንም ጋሼ?» ስላቸው፣ ሙጫው በሙቀት እየሾለከ ከላይና ከታች ካለው ዙር ጋር እንደሚያጣብቀው ነገሩኝ። ስፖንጇን ከአንድ ባዶ ካሴት አውልቀው ተከሉላት። ከዚያ ሪባኑን በሙሉ ወደ አዲስ የካሴት ቤት አዛወሩት፤ አሮጌውን፣ የአጎቴ ጽሑፍ ያለበትን፣ በፌስታል ጠቅልለው መለሱልኝ። «ይኼ እንዳይጠፋ» አሉኝ። እኔ ሳልናገር።

ለዚህ ሁሉ ጥገና 100 ብር። ለመገልበጡ 300። በሦስተኛው ቀን ነይ አሉኝ፣ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ፣ ደርሶ ነበር። በዚህ ከተማ የቀጠሮ ነገር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም።

አሁን አንዷ ኮከብ የሄደችበት ጋ ደርሰናል።

ፍላሹን ቤት ወስጄ ስከፍተው ደነገጥኩ፣ በደስታ። ጥርት ያለ ነበር። በዘፈንና በዘፈን መካከል «ሽሽሽ» የሚለው የሪባኑ ድምፅ እንኳ የለም። ግሩፑ ላይ አንድ ደቂቃ ብቻ ቆርጬ ለጠፍኩ። ሙሉውን ያልለጠፍኩት ደንብ ስላለን ነው፦ በገበያ ላይ ያለ ሥራ ሙሉው አይለጠፍም፣ የወደደ ገዝቶ ይሰማል። አብዛኞቻችን የምናከብራቸው ሰዎች ለብዙ ዓመት ከሥራቸው የሚገባቸውን ሳያገኙ ኖረዋል፤ እኛም እንደዚያ ካደረግን አድናቂ ነን ማለት አንችልም። በዚህ ላይ ግሩፑ ቀልድ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

የመጀመሪያው መልስ ዋሽንግተን ካለው አባላችን መጣ። አንዲት ቃል፦ «ፈጥኗል።» ኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የኦርጋኑ ድምፅ ከአንዱ ቁልፍ አልፎ ቀጣዩ ላይ ሳይደርስ መሃል ላይ እንደቆመ ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ የገዛሁትን ቅጂ ከፍቼ ሰዓት ያዝኩ። እውነቱን ነው፤ አራት ደቂቃ በሚሆን ሙዚቃ ላይ የኔው 7 ሰከንድ ቀድሞ ያልቃል። ከዚያ የጎንደሯ መጣች፦ «ሲምባሉ የት ገባ?» ሰማሁት። የለም። የከበሮው ሳህን ሲመታ መጀመሪያዋ «ጭ» አለች፣ ጭራዋ የለም። «ሽሽሽ» የሚለውን ያጠፋው የኮምፒውተር ማጽጃ እሷንም ጠርጎ ወስዷታል።

ይህን ሁሉ ልታገሰው እችል ነበር። ያልቻልኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለአጎቴ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፣ እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ሙዚቃው ሲያልቅ ዓይኑን ገልጦ ስልኩን አየው። «እኛስ?» አለኝ።

«እናንተ እነማን?»

«እኛ ነና! ሸክላው ሲያልቅ ቴፑን አላጠፋነውም ነበር። ሲመሽ የተጫወትነው አለበት።»

አልነበረም። ከሙዚቃው በኋላ ያለው ተቆርጧል።

ሰኞ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። መንገድ ላይ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። ጋሼ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አስረዱኝ። ወደ እሳቸው የሚመጣው አብዛኛው ሰው የሰርግ፣ የመዝሙር፣ የስብከት ካሴት ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ሽሽሽ» የሚለውን አጥፉልኝ ይላል፤ ስለዚህ ለሁሉም በኮምፒውተር ያጸዱታል። ፕሮግራሙ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ሲልበት ያለቀ መስሎት ይቆርጠዋል። «አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ይህንን ቃል ከስንት ባለሙያ ሰምታችኋል? እኔ ከዚህ በፊት አንድ ትልቅ ፎቶ ቤት የእናቴን የሰርግ ፎቶ አበላሽቶብኝ «ድሮም እንደዚህ ነበር» ብሎ ነው የሸኘኝ።

ቢሆንም ኮከቧን አልመልስም። ሳይጠይቁ ማጽዳትና ሳይሰሙ መቁረጥ፣ የሰው ትዝታ በሚያዝበት ሥራ ላይ ከባድ ነገር ነው። ሪባኑ በዚያው ተበጥሶ ቢሆን ኖሮስ?

በዚያኑ ቀን እንደገና አስጀመሩት፣ ያለ ክፍያ። እኔም አብሬያቸው ተቀመጥኩ። የፍጥነቱን ነገር ያስተካከሉበትን መንገድ መቼም አልረሳውም። የቴፑን ጀርባ ከፈቱ። ሞተሯ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ በእሷ ውስጥ ቀጭን ካቻቢቴ ይገባል። የገዛሁትን ቅጂ ከስልኬ፣ ካሴቱን ከቴፑ እኩል እንድንከፍት አደረጉ። ኦርጋኑ አንድ ድምፅ ይዞ የሚቆይበት ቦታ ስንደርስ ሁለቱ ተጣሉ፤ ድምፁ እንደ ሞገድ ይወዛወዛል፣ ዋው ዋው ዋው ይላል። ካቻቢቴውን የፀጉር ቅጥነት ያህል አዞሩት። ሞገዱ ዘገየ። ዋ…ው፣ ዋ…ው። አሁንም ትንሽ። ከዚያ ቀጥ አለ። ሁለት ኦርጋን መሆኑ ቀርቶ አንድ ሆነ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና «ይኸው ታረቁ» አሉ።

ከዚያ 60 ደቂቃውን ሙሉ ሳናወራ ሰማን። ካሴት በጥድፊያ አይገለበጥም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ደንበኛ መጣ፣ በጣታቸው አፋቸው ላይ ምልክት አሳይተው በር ላይ አቆሟቸው።

ሸክላው አለቀ። መርፌው ሲነሳ ጠቅ አለ። ትንሽ «ሽሽሽ»። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ።

የብርጭቆ ድምፅ አለ። ውሻ ይጮኻል፣ ሩቅ። አንዱ «ሰዓቱ ስንት ሆነ?» ይላል። ሌላው «አሁን ብታውቀው የት ልትሄድ ነው፣ እዚሁ እደር እንጂ» ይለዋል። ሰዓት እላፊ ነዋ! ልክ እንደ ሒልተኑ እንግዳ እነሱም እስኪነጋ ተዘግቶባቸዋል። ከዚያ አንድ ቀጭን የወጣት ድምፅ፣ «እስቲ ያቺን ኦርጋኗን መልሷት፣ እኔ እንደዚያ አልሰማኋትም» ይላል። ክርክር ተጀመረ። አንዱ ትራምፔቱ ነው ቀድሞ የገባው ይላል፣ ሌላው ሳክስፎኑ ነው ይላል። በአፋቸው እየተጫወቱ ያስረዳሉ፣ ጠረጴዛ ይመታሉ። አሥራ አንድ ደቂቃ።

ቀጭኑ ድምፅ አጎቴ ነው።

ጋሼ እስከ መጨረሻው አላቆሙትም። ሪባኑ ራሱ አልቆ ቴፑ ጠቅ ብሎ እስኪቆም ጠበቁ።

ያንን አሥራ አንድ ደቂቃ አጎቴን አስፈቅጄ ግሩፑ ላይ ሙሉውን ለጠፍኩት፤ የማንም አልበም አይደለምና። አርብ ማታ ዘፈን አልመረጥንም፣ እሱን ነው የሰማነው። የትራምፔቱንና የሳክስፎኑን ክርክር ሲሰሙ ሁሉም አንድ ነገር ጻፉ፦ «ይኼ እኮ እኛ ነን።» ዋሽንግተን ያለው ሰውዬ ምሳውን ሳይበላ ቀረ። አጎቴ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ማን ማን እንደሆነ እየነገረኝ ስማቸውን ደብተር ላይ አስጻፈኝ። «ይኼ የሚስቀው ደብረ ማርቆስ ነው ያለው፤ ስልኩን ፈልጊልኝ» አለኝ። በሁለት ቀን አገኘነው። ላክንለት። የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት መለሰ፤ ሲጀምር ሰላምታ እንኳ አላለም፣ «ትራምፔቱ ነው የቀደመው፣ አሁንም አልለወጥም» አለ።

ወደ ቤቱ ልመለስና፣ ለምትሄዱ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ስትሰጡ «ጥሬውን እፈልጋለሁ፣ ሳይጸዳ፣ ሳይቆረጥ» በሉ። የጸዳውን ከፈለጋችሁ ለብቻው ያደርጉላችኋል። ጋሼ ካልተነገራቸው በኤምፒ3 ነው የሚሰጡት፤ የአንድ ሰዓቱ 58 ሜጋ ገደማ ነው፣ ለስልክ ይበቃል። ለማስቀመጥ ግን በዋቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት ፋይል) ጠይቁ፣ ከ600 ሜጋ በላይ ስለሚሆን ፍላሻችሁ ቦታ ይኑረው። መብራት ከጠፋ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩት፣ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ። ከቻላችሁ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ስሙ፣ አይከፋቸውም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ካሴቱን እስከዚያው ከሐይቁ እርጥበትና ከፀሐይ አርቁት። በስክሪፕቶ አታጠንጥኑት። ሽፋን ካለው ሽፋኑንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተው ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡላችኋል። እሑድ ዝግ ናቸው።

ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ካሴት ነበር ብያለሁ። ሁለተኛውን ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ይዤለታለሁ። ጽሑፉ በእርሳስ ስለሆነ ጠፍቷል፣ በባትሪ አዘንብዬ ሳየው ግን «ዳህላክ» የሚል ይመስለኛል፤ ሌላው የዚያ ዘመን ባንድ። ግሩፑ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቷል።